አስቸኳይ፦ የታክስ ቅሬታ ለማስገባት እስከ ዓርብ ግማሹን ማስያዝ ግዴታ ነው?

ፍሬን
ወገኖቼ፣ የምታውቁ ሰዎች ፈጥናችሁ መልሱልኝ። የአባቴ የመለዋወጫ ድርጅት ኦዲት ተደርጎ 1,140,000 ብር ክፈሉ የሚል ማስታወቂያ መጥቶብናል። ከሁለት አቅራቢዎች የገዛነው ዕቃ ወጪ ከነጭራሹ ውድቅ ተደርጓል፤ ቅጣትና ወለድ ተጨምሮበታል። ደረሰኞቹ እኮ በእጃችን አሉ! አንድ የሚያውቀን ሰው፣ ቅሬታ ለማስገባት መጀመሪያ ግማሹን ማስያዝ ግዴታ ነው፤ ያለዚያ ማመልከቻውን የሚቀበላችሁ የለም አለን። እስከ ዓርብ 570,000 ብር ከየት ይመጣል? አባቴ መኪናውን ሊሸጥ ደላላ ጠርቷል። በሁለት ቀን ብድር የሚሰጥ ባንክ አለ? ወይስ በቼክ ማስያዝ ይቻላል? እህታችሁ ነኝ፣ አደራ።

የመርካቶ ልጅ
አይዞሽ እህቴ። በእኛም ደርሷል። ግማሹ ግዴታ ነው፤ ክፈሉና ተከራከሩ፣ ከረታችሁ ይመለስላችኋል። መኪናው ግን አይሸጥ። በዚህ ችኮላ የሚሸጥ መኪና ለደላላው ሠርግና ምላሽ ነው።

አንጋፋው ሒሳብ ሹም
ልጄ፣ ከገንዘቡ በፊት የመዝገቡ ነገር ይታሰብ። እኔ በ1994 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 ሲወጣ በሥራ ላይ ነበርኩ። ያን ጊዜ የገቢ ግብሩ የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ የተጨማሪ እሴት ታክሱም በአዋጅ ቁጥር 285 የራሱ ሥርዓት ነበረው። ነጋዴው ለየትኛው ታክስ የት እንደሚያመለክት ሲደናገር ይውል ነበር። በ2008 ዓ.ም. የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ሲመጣ የኦዲቱ፣ የቅጣቱ፣ የቅሬታውና የይግባኙ ነገር በአንድ ሕግ ተሰበሰበ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ነጋዴያችን ዛሬም በአሮጌው ልማድ ይሄዳል፤ ደረሰኙን በፌስታል ቋጥሮ ኦዲተር ሲመጣ ይበትነዋል። የማስረዳት ሸክሙ በግብር ከፋዩ ላይ እንደሆነ አዋጁ በግልጽ አስቀምጧል። ኦዲተሩ ተሳስቷል የሚል ሰው ስህተቱን በወረቀት ማሳየት አለበት። ስለዚህ ደረሰኝ አለን ማለት ብቻውን አይበቃም። ዕቃው መጋዘን የገባበት ሰነድስ? ክፍያው በባንክ ነው ወይስ በእጅ? አቅራቢው ደረሰኙን ባተመበት ጊዜ በምዝገባ ላይ ነበር ወይ? ወጣቶች ይህንን ሁሉ ሳትመልሱ ስለ ብድር ታወራላችሁ።

ዶሴ
እህቴ፣ ብድር ከመፈለግሽ በፊት ሦስት ነገር ንገሪን። ወረቀቱ የመጀመሪያው የታክስ ውሳኔ ማስታወቂያ ነው ወይስ ቅሬታችሁ ታይቶ የተሰጠ ውሳኔ? በእጃችሁ የገባው በየትኛው ቀን ነው? የምትገብሩት ለፌዴራል ነው ወይስ ለከተማ አስተዳደሩ? መልሱ ሁሉ በእነዚህ ላይ ነው የተንጠለጠለው።

ሚዛን
እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ልጠይቅ። ኦዲተሩ ትክክል ቢሆንስ? ከሁለት አቅራቢ የተገዛ ብቻ ተለይቶ ውድቅ የሚደረገው አለምክንያት አይመስለኝም። ዕቃ ሳይሸጡ ደረሰኝ የሚሸጡ ሰዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ግብሩ የሚገባ ከሆነ በክርክር በቆየ ቁጥር ወለዱ ይቆጥራል። በእኔ እምነት ክርክሩን ትታችሁ የክፍያ ጊዜ ማራዘሚያ ብትጠይቁ ይሻላል። አዋጁ ይህንንም ይፈቅዳል።

ፍሬን
ሚዛን፣ አቅራቢዎቹን አናውቃቸውም ያለ ሰው የለም፤ አንደኛው ዛሬም ሱቁ ክፍት ነው። ዕቃውን እኔ ራሴ ቆጥሬ ነው የተረከብኩት!
ዶሴ፣ የመጀመሪያው ውሳኔ ነው፤ ከዚህ በፊት ምንም አላመለከትንም። የምንገብረው ለፌዴራል ነው፤ አዋጅ ቁጥር 983/2008 የሚል አለበት። የመጣው ቅዳሜ የካቲት 8 ነው። ጥበቃው ፈርሞ ተቀበለ፤ ለአባቴ የደረሰው ግን ሰኞ ነው። ከሰኞ አይቆጠርልንም? የዓድዋ በዓልስ አይቀነስም?

የመርካቶ ልጅ
በዓል ይቀነሳል መሰለኝ። ለማንኛውም ግማሹን አዘጋጁ። እኛ ያለ እሱ መዝገብ አልተከፈተልንም።

ዶሴ
እንግዲህ በጥሞና አንብቢ፤ ለአባትሽም አንብቢላቸው። ደላላውን አሰናብቱት።

ቅሬታ ሌላ፣ ይግባኝ ሌላ ነው። አሁን ያላችሁት ቅሬታው ላይ ነው፤ የሚቀርበውም ለራሱ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የቅሬታ አጣሪ ክፍል ነው። እዚህ ደረጃ ላይ ግማሹን አስይዙ የሚል ነገር የለም። የሚጠየቀው የማትከራከሩበትን ታክስ እንድትከፍሉ ብቻ ነው። 50 በመቶው የሚመጣው በቅሬታው ላይ የተሰጠው ውሳኔ ሳያረካችሁ ቀርቶ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ፌዴራል ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ስትሄዱ ነው። እሱም የሚሰላው ክርክር ካለበት ታክስ ነው። ከኮሚሽኑ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ 75 በመቶ ይሆናል፤ እዚያም የሚታየው የሕግ ጥያቄ ብቻ ነው። ወንድማችን የመርካቶ ልጅ የነገረሽ እውነት ነው፤ ግን የኮሚሽኑን ደረጃ ነው የነገረሽ። ብዙ ሰው ይህንን ያምታታዋል። ግማሹን ማምጣት አልችልም ብሎ ቅሬታውን ራሱን የሚተው ነጋዴ ሳይ ያንገበግበኛል፤ ያልተጠየቀውን ገንዘብ ፈርቶ የነበረውን መብት ያጣልና።

አሁን ወደ ቀኑ። ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። «የሥራ ቀን» አልተባለም፤ ስለዚህ ዓድዋንም እሑድንም ቁጠሪ። የጥበቃውን ፊርማ አትናቂ፤ በድርጅቱ ቅጥር ግቢ ያለ ሠራተኛ የፈረመበት ነው። ከቅዳሜ ቁጠሪ፤ 21ኛው ቀን ቅዳሜ የካቲት 29 ይውላል። የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም በዓል ላይ ሲውል ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን እንደሚዛወር አዋጁ ቢናገርም በዚህ ላይ አትተማመኑ። ዓርብ ከቀትር በፊት ማመልከቻው ገብቶ ማኅተም ይረፍበት።

አንጋፋው ሒሳብ ሹም
ዶሴ ያለው ትክክል ነው፤ እኔም ወደዚያው ልመጣ ነበር። ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ደብዳቤ የሚቀበል ሰው ቀኑን በደብተር ይመዝግብ።

ጎማ ጠጋኝ
ለጥበቃውም እርሳስ ይገዛለት! ሚሊዮን ብር የሚያህል ወረቀት የተቀበለ ሰው ነው።

ቀይ እስክሪብቶ
እኔ የቅሬታ ማመልከቻዎችን አነባለሁ፤ ሥራዬ ነው። በአብዛኛው የሚወድቀው ሰው መረጃ ስለሌለው አይደለም፣ ያለውን ሳይጽፈው ስለሚቀር ነው። «የተወሰነብን ግብር ከአቅማችን በላይ ስለሆነ በመልካም አስተያየት ይታይልን» የሚል ደብዳቤ ልመና ነው እንጂ ቅሬታ አይደለም። አዋጁ የሚፈልገው የምትቃወሙበትን ምክንያት በትክክል፣ ውሳኔው ምን ተብሎ እንዲሻሻል እንደምትፈልጉና ለምን እንደሚሻሻል ነው።

የኦዲት ግኝቱን ዝርዝር ያዢና በተራ ቁጥሩ ሂጂ። እንዲህ አድርገሽ ጻፊ፦

«በግኝቱ ተራ ቁጥር 4 የ36 የፍሬን ሸራ መግዣ 187,200 ብር ውድቅ ተደርጓል። ግዥው ስለመፈጸሙ የአቅራቢው ደረሰኝ (አባሪ 4ሀ)፣ ዕቃው በዚያው ቀን መጋዘን የገባበት ሰነድ (አባሪ 4ለ) እና ክፍያው ከድርጅቱ ሒሳብ የወጣበት የባንክ መግለጫ (አባሪ 4ሐ) ተያይዘዋል። ስለዚህ ወጪው ተይዞ ታክሱ፣ ቅጣቱና ወለዱ በዚሁ ልክ እንዲቀነስ እንጠይቃለን።»

ለእያንዳንዱ ተራ ቁጥር ይኸው ነው። ረጅም መግቢያ አያስፈልግም፤ የአባትሽን የብዙ ዘመን ታማኝነትም አትተርኪ። አጣሪው የሚፈልገው ተራ ቁጥርና አባሪ ነው። በእጅ የተከፈለ ካለ፣ ገንዘቡ ከካዝና የወጣበትን ሰነድ እና ዕቃው ተመልሶ የተሸጠበትን ደረሰኝ አያይዢ። የተሸጠ ዕቃ መገዛቱ አይቀርም፤ ይህ ጠንካራ ክርክር ነው።

አንድ ጥያቄ፦ ከግኝቱ ውስጥ የማትከራከሩበት አለ?

ፍሬን
እግዚአብሔር ይስጣችሁ! አባቴ ይህንን ሲሰማ ከተቀመጠበት ተነሣ። አዎን አለ፤ የግል መኪናው ነዳጅ ወጪ ውስጥ ተይዞ ነበር፣ እሱ ላይ አንከራከርም። ትንሽ ነው። ዝም ብለን ብናልፈውስ?

ቀይ እስክሪብቶ
በፍጹም! የእሱን ታክስ ነገ ክፈሉና የክፍያውን ደረሰኝ ከማመልከቻው ጋር አያይዙ። የማትከራከሩበት ሳይከፈል የቀረበ ቅሬታ በአግባቡ እንደቀረበ አይቆጠርም። በዚች ትንሽ ገንዘብ ትልቁን ጉዳይ አታበላሹ። ደግሞም ያመነውን ከፍሎ የመጣ ሰው ሲከራከር ይደመጣል።

ሚዛን
ዕቃውን ቆጥረሽ ከተረከብሽ ሐሳቤን አንስቻለሁ፤ ተከራከሩ። ወለዱን ግን አትርሱ። መጠኑ ባለፈው ሩብ ዓመት ከነበረው ከፍተኛው የባንክ ማበደሪያ ወለድ ላይ 15 በመቶ ተጨምሮ ነው። ከተሸነፋችሁ ይከብዳል።

ዶሴ
እውነት ነው። ከረታችሁ ግን በዚያው ታክስ ላይ የከፈላችሁት ወለድ ይመለሳል። አቅም ካላችሁ ከፊሉን ከፍላችሁ መከራከርም ትችላላችሁ፤ መክፈል ማመን አይደለም፣ ይህንን በማመልከቻው ላይ በግልጽ ጻፉት።

ሌላው፣ መሥሪያ ቤቱ በ180 ቀን ውስጥ ካልወሰነ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ። 180ው ካለቀ በኋላ ባለው 30 ቀን በቀጥታ ወደ ኮሚሽኑ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ይህንን ቀን ዛሬውኑ በቀን መቁጠሪያው ላይ አክብቡት።

የመርካቶ ልጅ
እኛ ግን ግማሹን ከፍለናል።

ዶሴ
ወንድሜ፣ የከፈላችሁበት ወረቀት ላይ «ኮሚሽን» የሚል ካለበት ልክ ናችሁ። ለቅሬታ ተብሎ ከተጠየቃችሁ ግን የጠየቃችሁን ሰው አንቀጹን ጠይቁት።

ፍሬን
መዝገብ ቤት ቆሜ ነው የምጽፈው። ተቀባዩ፣ አባሪዎቹ ኦሪጅናል ካልሆኑ አልቀበልም አለኝ። ኦሪጅናሉን ሰጥቼ ልሂድ?

ቀይ እስክሪብቶ
ኦሪጅናል ለማንም አትስጪ! ቅጂውን ስጪ፤ ኦሪጅናሉን ለማመሳከር ብቻ አሳዪና መልሰሽ ያዢ። እምቢ ካለ ኃላፊውን ጠይቂ፤ ማመልከቻው የሚጎድለው ነገር ካለ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። ማኅተምና ቀን ያረፈበት ቅጂ ሳትይዢ ከግቢው አትውጪ።

ዶሴ
ሁሉም እምቢ ካሉ ዛሬውኑ ፖስታ ቤት ሂጂና በአደራ ደብዳቤ ላኪው፤ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ የቀን ማስረጃ ይሆንሻል። የጊዜ ማራዘሚያም አለ፤ ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ ከተጠየቀና እንደ ሕመም ወይም ከአገር ውጭ መሆን ያለ በቂ ምክንያት ካለ እስከ 10 ቀን ሊሰጥ ይችላል። አንቺ ግን አያስፈልግሽም፤ ዛሬ ይግባ።

ጎማ ጠጋኝ
እህቴ፣ ምን አሉሽ? ሥራ ፈትተን እየጠበቅን ነው።

አዲስ ገቢ
እኔም ልክ እንደዚህች እህት ያለ ውሳኔ መጥቶብኛል፤ እኔ ግን የክልል ግብር ከፋይ ነኝ። 21 ቀኑ ለእኔም ይሠራል? ፍሬን፣ ያንቺስ ከምን ደረሰ?

ዶሴ
ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች የየራሳቸው አዋጅና የየራሳቸው የይግባኝ አካል አላቸው፤ በፌዴራሉ ቁጥር አትቁጠር። ማስታወቂያህ ላይ የተጠቀሰውን አዋጅና አንቀጽ እዚህ ጻፈው፣ የደረሰህን ቀንም ጨምር።