የግቢያችን ግንደ ወፍራም ዘንባባ ካናሪ ነው ወይስ ዲቃላ? የቺሊውስ ደሴ ላይ ይበቅላል?

ጠያቂ፦ ጦሳ ሥር (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ በሚገኘው የቤተሰባችን ግቢ ውስጥ አባቴ በሕይወት ሳሉ የተከሉት አንድ ትልቅ ዘንባባ አለ። ግንዱን አንድ ሰው ብቻውን አቅፎ እጁን ማገናኘት አይችልም፤ ዝንጣፊዎቹም እንደ ላባ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ቅጠሎች ያሏቸው እንጂ እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ አይደሉም። በየዓመቱ ብርቱካንማ ፍሬ በዘለላ ያፈራል፤ ፍሬው ትንሽ ነው፣ ሥጋውም ስስ ስለሆነ ከሕፃናት በቀር የሚበላው የለም። ከአምስት ዓመት በፊት ሥሩ ከወደቀው ፍሬ የበቀሉ ዘጠኝ ቡቃያዎችን ነቅዬ በቆርቆሮ ተከልኋቸው። አሁን ሰባቱ እናታቸውን የሚመስሉ ሲሆን ሁለቱ ግን ቅጠላቸው ወደ ግራጫ ሰማያዊ ያደላና ጠንከር ያለ ነው፤ እንዲያውም አንዱ ከሥሩ ሌላ ቀንበጥ አውጥቷል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የእናቲቱን ዘንባባ ዓይነትና የሁለቱን ልጆች ልዩነት እንዴት ማወቅ ይቻላል? ሁለተኛ፣ እኔ የምኖረው ደሴ ሆኖ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ የሚወርድበት ቦታ ስለሆነ፣ ውጭ አገር ያለ የአጎቴ ልጅ ብርድ ይችላል የሚባለውን የቺሊ ዘንባባ ዘር ልላክልህ ይለኛል። ይህ የሚያዋጣ ነገር ነው?

መልስ፦ ዘር ለቃሚ (ሐይቅ)

ወንድሜ፣ ፎቶ ከመላክዎ በፊት ሦስት ነገር በእጅዎ ዳስሰው ቢነግሩን ይሻላል፤ የዘንባባ ፎቶ ከሩቅ ሲታይ ሁሉም አንድ ዓይነት ነውና።

የመጀመሪያው የቅጠሉ እጥፋት ነው። ከዝንጣፊው መካከለኛ አጥንት ላይ አንዲት ቅጠል ይያዙና ከአጥንቱ ጋር የምትገናኝበትን ቦታ ይመልከቱ። ወደ ላይ ተከፍታ ዝናብ የሚጠራቀምባት ቦይ የምትመስል ከሆነ ዛፉ ከተምር ወገን ነው፤ የካናሪ ደሴቶች ዘንባባም፣ የአገራችን የወንዝ ዳር ዘንባባም፣ የምንበላው ተምርም በዚህ ይታወቃሉ። ወደ ታች ታጥፋ ውኃ የምታፈስ የቤት ክዳን የምትመስል ከሆነች ግን ከኮኮናት ወገን ናት፤ የቺሊው ጁቤያና የኡራጓይና የደቡብ ብራዚሉ ቡቲያ እዚህ ይመደባሉ። ይህ አንድ ምልክት ብቻውን ከግማሽ በላይ የሆነውን ጥርጣሬ ያጠራል።

ሁለተኛው የዝንጣፊው እጀታ ነው። በተምር ወገኖች ላይ ከግንዱ አጠገብ ያሉት ቅጠሎች ወደ ረጃጅምና ጠንካራ እሾህ ይለወጣሉ። የቡቲያ እጀታ በዳርና ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ሲያወጣ፣ የጁቤያ እጀታ ግን እሾህ አልባ ነው።

ሦስተኛው ፍሬው ነው። ዘሩን አጥበው ይዩት፤ በአንድ ጎኑ በቁመቱ የሚሄድ ስንጥቅ መሰል መስመር ካለው ተምር ነው። የጁቤያ ዘር ክብና ጠንካራ ቅርፊት ያለው፣ በቁመቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች የድንክ ኮኮናት ይመስላል፤ በውስጡም እንደ ኮኮናት የሚበላ ነጭ ሥጋ አለው።

በተጨማሪ፣ ጎረቤትዎ ዘንድ ተምር የተከለ ሰው አለ?

ጠያቂ፦ ጦሳ ሥር (ደሴ)

እናመሰግናለን ጋሼ። ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወርጄ ሁሉንም አየሁ። ቅጠሏ ቦይ ናት፤ እሾሁ ደግሞ እጄን ስለወጋኝ የምጠራጠርበት ምክንያት የለኝም። ዘሩም ስንጥቅ አለው። ግንዱ ላይ የረገፉት ዝንጣፊዎች የተዉት ጠባሳ ወደ ጎን የተለጠጠ አልማዝ ይመስላል፤ ከሥሩም አንድም ቀንበጥ ወጥቶበት አያውቅም። ስለ ጎረቤት የጠየቁኝ ደግሞ አስገረመኝ፦ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ቤተሰቦች በረመዳን ከበሉት ተምር ዘር ያበቀሉት አንድ ቀጭን ዛፍ አለ። ያብባል እንጂ አፍርቶ አያውቅም ይላሉ።

መልስ፦ ዘር ለቃሚ (ሐይቅ)

እንግዲያውስ ነገሩ ተፈታ። እናቲቱ የካናሪ ደሴቶች ዘንባባ፣ በሳይንሳዊ ስሟ ፊኒክስ ካናሪየንሲስ ናት፤ አንድ ግንድ ብቻ የምታበቅል፣ ግንዷ እስከ ዘጠና ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚወፍር፣ በአንድ ጊዜ ከመቶ በላይ ዝንጣፊ መሸከም የምትችል ዛፍ። የጎረቤትዎ ዛፍ የማያፈራው ደካማ ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ የተምር ወገን ወንዴና ሴቴው በየተለያየ ዛፍ ላይ ስለሆነ ወንድ ሊሆን ይችላል። የአበባው ብናኝ በነፋስና በነፍሳት አጥር ይዘላል፤ የዚህ ወገን ዝርያዎች ደግሞ እርስ በርሳቸው በቀላሉ ይዳቀላሉ። ሰባቱ ችግኞች በከተማው ከሚገኝ ሌላ ወንድ ካናሪ የተገኙ፣ ሁለቱ ደግሞ የዚያ ተምር ልጆች ናቸው ብዬ እገምታለሁ። ግራጫ ሰማያዊው ቀለም፣ የቅጠሉ ጥንካሬና በተለይም ከሥር የወጣው ቀንበጥ የተምር ጠባይ ነው፤ ካናሪ ቀንበጥ አታወጣም። አባታቸው የወንዝ ዳሩ ዘንባባ ቢሆን ኖሮ ቅጠሉ ይበልጥ አረንጓዴና ለስላሳ ሆኖ፣ ቀንበጡም ሲያድግ እንደ ቁጥቋጦ በበዛ ነበር።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ቡቃያ ሆነው ሁሉም እንደ ሣር ያለ ያልተከፈለ ቅጠል ስለሚያወጡ፣ ላባ መሰሉ ዝንጣፊ ከመምጣቱ በፊት «ይህ ዲቃላ ነው» ብሎ የሚሸጥልዎን ሰው አይመኑ። እኔ በዚህ ሁለት ጊዜ ተሞኝቻለሁ።

መልስ፦ ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ጥሩ ውይይት ነው። ታዲያ ይህችን ካናሪ በቺሊው ዘንባባ ብናኝ ብናዳቅላት የሁለቱንም ውፍረት የያዘ ልጅ አይገኝም?

መልስ፦ የደጋ አትክልተኛ (ደሴ)

አይገኝም። የተምር ወገንና የኮኮናት ወገን በዘንባባ ቤተሰብ ውስጥ በጣም የተራራቁ ቅርንጫፎች ናቸው፤ የክሮሞሶማቸው ቁጥር እንኳ ለተምር 36፣ ለጁቤያና ለቡቲያ 32 ነው። የሚዳቀሉት በየወገናቸው ነው። ከኮኮናት ወገን የታወቁት ሁለት ዲቃላዎች ናቸው፦ አንዱ ቡቲያ ከጁቤያ ሲሆን ግንዱ ወፍሮ ከጁቤያው ፈጠን ብሎ ያድጋል፤ ሌላው ቡቲያ ስያግረስ ከሚባል ከዚያው ከኮኮናት ወገን ከሆነ ዘንባባ ጋር ነው፤ ከአንዱ ብርድ መቻልን፣ ከሌላው ፈጣን ዕድገትን ይወርስና እንደ በቅሎ አብዛኛውን ጊዜ መካን ይሆናል፤ በፈረንጆቹም አፍ ስሙ የበቅሎ ዘንባባ ነው። በሁለቱም እናት የምትሆነው ብዙውን ጊዜ ቡቲያ ናት። ቡቲያ ወንዴና ሴቴ አበባን በአንድ ዘለላ ላይ ስለምትይዝና ወንዴዎቹ ቀድመው ስለሚፈነዱ፣ አዳቃዩ ወንዴዎቹን ከመፈንዳታቸው በፊት አንድ በአንድ ለቅሞ ዘለላውን በከረጢት ይሸፍናል፤ ሴቴዎቹ ሲደርሱ ብቻ የተፈለገውን ብናኝ ይነፋባቸዋል። የዲቃላ ዘር ዋጋው የሚወደደው በዚህ የእጅ ሥራ ምክንያት ነው።

ወደ ጠያቂው ሁለተኛ ጥያቄ ልመለስ፤ በእኔ አስተያየት ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። «ብርድ ይችላል» የሚለው ቃል ለእኛ አገር በትክክል አይገጥምም። ጁቤያ ካደገ በኋላ ከዜሮ በታች አሥር ዲግሪ ገደማ፣ ቡቲያም ከዚያ ብዙም የማያንስ፣ ካናሪም ሰባት ዲግሪ ገደማ ይቋቋማሉ፤ ደሴ ደግሞ እንዲህ ያለ ብርድ አይደርስባትም። የእኛ ውርጭ ሰማዩ በጠራ ሌሊት ወርዶ ፀሐይ ስትወጣ የሚጠፋ ነው። ስለዚህ ካናሪዎ ራሷ ለደሴ ትበቃለች። የእኛ ችግር ሌላ ነው፤ ከኮምቦልቻ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ከፍ ስለምንል ዓመቱን ሙሉ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ዛፉም ዘገም ብሎ ያድጋል፤ በክረምት ደግሞ ዋልካው ውኃ ይቋጥርና ሥሩን ያበሰብሳል። ጁቤያ የመጣበት ማዕከላዊ ቺሊ ዝናቡ በብርዱ ወራት፣ ድርቁ በሙቀቱ ወራት ነው። ከእኛ ጋር ሲነጻጸር ተገላቢጦሽ ነው ማለት ይቻላል፤ ይህ ባይገድለውም ውኃ በማይቋጥር ተዳፋት ላይ ካልሆነ አልመክርም።

የደጋ ሰው ከሆኑ እኔ ወደ ሌላ ዘንባባ አመለክትዎታለሁ። ፓራጁቤያ የሚባለው የጁቤያ የሥጋ ዘመድ በቦሊቪያ ከ2,400 እስከ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ይበቅላል፤ ሌላው ወንድሙ ደግሞ 2,850 ሜትር ላይ ባለችው በኢኳዶሯ ኪቶ ከተማ ጎዳናዎችና መናፈሻዎች ተተክሎ ይታያል። ኪቶ ልክ እንደ ደሴ ከምድር ወገብ የማትርቅና የበጋና የክረምት የሙቀት ልዩነቷ ትንሽ የሆነ ደጋ ናት። ግንዱ እንደ ጁቤያ አይወፍርም፤ ዕድገቱ ግን በጣም የፈጠነ ነው። ጁቤያን የሚተክል ሰው ለልጅ ልጁ ነው የሚተክለው፤ ግንዱ በመጀመሪያ ከመሬት ጋር እኩል ሆኖ ስፋቱን ሳይጨርስ ወደ ላይ ስለማይነሣ፣ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ያለ ግንድ መጠበቅ ግድ ነው።

ዘር ከውጭ ሲያስመጡ የዕፅዋት ኳራንታይን ፈቃድ ያስፈልጋልና በሻንጣ ደብቆ ማስገባት አይገባም፤ በሽታ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። የጁቤያ ዘር ደግሞ አንዳንዱ በጥቂት ወራት፣ አንዳንዱ ከዓመት በኋላ ነው የሚበቅለው፤ ቆርቆሮውን ተስፋ ቆርጠው እንዳይደፉት።

ጠያቂ፦ ጦሳ ሥር (ደሴ)

ከልብ አመሰግናለሁ። ችግኞቹን ወደ ደሴ የማወጣቸው መቼ ነው? ሌላም የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ፦ ለሆሳዕና በየዓመቱ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ዝንጣፊ ይቆርጣል። መከልከል ደግሞ አልችልም፤ እናቴም አይወዱልኝም።

መልስ፦ የደጋ አትክልተኛ (ደሴ)

በሰኔ መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲረጋ ይትከሏቸው፤ ኅዳር ሳይመጣ ሥር ይይዛሉ። ቦታዎ ዋልካ ከሆነ ጉድጓድ ከመቆፈር ይልቅ አሸዋና ብስባሽ ቀላቅለው ጉብታ ይሥሩና በላዩ ላይ ይትከሉ፤ ለጋ ቅጠል የሚወጣበት እምብርቱ ከአፈሩ በላይ ይሁን። ሥሩ ወደ ታች ስለሚጠልቅ ቆርቆሮውን ሲቀዱ እንዳይበጠስ ይጠንቀቁ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውርጭ በሚያሰጋ ሌሊት በገለባ ወይም በአሮጌ ጆንያ ሸፍነው ጠዋት ይግለጡት። እምብርቱ ላይ ውኃ አያፍስሱ፤ መካከለኛው ለጋ ቅጠል ሲጎትቱት የሚነቀል ከሆነ መበስበስ ጀምሯልና መዳብ ያለበት ፀረ ሻጋታ ይጨምሩበት።

ሆሳዕናን በተመለከተ ጎረቤትን አይከልክሉ፤ ማጭዱን ግን እርስዎ ይያዙ። ወደ ታች የተንጠለጠሉትን የቆዩ ዝንጣፊዎች ብቻ ቆርጠው ያድሉ። ዘንባባ ዘንድ እንደ ሌላው ዛፍ ግንዱ በየዓመቱ አይወፍርም፤ እንደተራቆተ ከቀጠለ አዲስ የሚወጣው ግንድ ይቀጥንና እንደ ወገብ ይሆናል፣ ያም ቦታ መቼም አይሞላም፤ ግንዱ ላይ የወደቀ ቁስልም አይሽርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፊዩዛሪየም የሚባል ካናሪን የሚገድል ሻጋታ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚተላለፈው በመቁረጫ ስለሆነ፣ ከሌላ ግቢ የመጣ ማጭድ በበረኪና ሳይታጠብ ዛፍዎን እንዳይነካ።

መልስ፦ እመት አትክልት (ወልድያ)

ለእናትዎ ሰላምታ ያቅርቡልኝ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ቀንበጥ ያወጣውን ዲቃላ ቀንበጡን አይንቀሉበት። የራሱን ሥር እስኪያወጣ ይተውትና በስለት ከእናቱ ሥር ከነሥሩ ለይተው ቢተክሉት ሁለተኛ ዛፍ ይሆንልዎታል፤ ካናሪዋ ይህን አትሰጥም።

ጠያቂ፦ ጦሳ ሥር (ደሴ)

እቴቴ፣ ሰላምታዎን አድርሻለሁ። ሰባቱን ካናሪዎች በሰኔ እተክላቸዋለሁ፤ ሁለቱን ዲቃላዎች ግን ኮምቦልቻ ሙቀቱ ስለሚስማማቸው እዚያው አስቀራለሁ። ለአጎቴ ልጅ ደግሞ በጁቤያው ፈንታ የፓራጁቤያ ዘር ከነፈቃዱ እንዲፈልግልኝ ዛሬ ጽፌለታለሁ።