ጀሶ ከልጆች ጋር ስንሠራ ይፈረፈርብናል፣ ከፎርማውም አይወጣም፤ ምን ይሻላል?

ጥያቄ — የሁለት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ

ሰላም እህት ወንድሞች። ክረምቱን ልጆቼ ስልክና ቴሌቪዥን ላይ ተጣብቀው ስለሚውሉ በእጃቸው የሚሠሩት ነገር ስፈልግ ጀሶ ትዝ አለኝ። ትልቁ 9፣ ትንሿ 5 ዓመታቸው ነው። ለእንቁጣጣሽ ለአያቶቻቸውና ለጎረቤት የሚሰጡት፣ ራሳቸው ቀለም የቀቡት ነገር ቢኖራቸው ደስ ይለኛል።

ከሕንፃ መሣሪያ መደብር በኪሎ የሚሸጠውን ገዛሁ። ዱቄቱን ሳህን ላይ አድርጌ፣ ውሃ እየጨመርኩ በጠበጥኩትና የኬክ ፎርማ ውስጥ ገለበጥኩት። ረግቷል፤ ግን ከፎርማው አልወጣ ብሎ ጠርዙ ተሰበረ። የወጣውም ሲነኩት ይፈረፈራል፣ ላዩም ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ሌላው ደግሞ የትንሿን እጅ በጀሶ አስቀርቼ ግድግዳ ላይ መስቀል እፈልጋለሁ። እጇን ጀሶው ውስጥ ነክራ እስኪረጋ ብትቆይ ይሆናል? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ — የጂፕሰም ሠራተኛ

እህቴ፣ ጀሶ ላይ ቅደም ተከተሉ ነው ወሳኙ። ቀድሞ የሚገባው ውሃው ነው፤ ዱቄቱ ከላይ ይነሰነስበታል። ለ1 ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ወደ 2 ኩባያ ጀሶ ያዢ። በእጅሽ ወይም በወንፊት እያደረግሽ ውሃው ላይ በቀስታ በትኚው። ዱቄቱ መስመጡን ትቶ ውሃው ላይ እንደ ደሴት ብቅ ማለት ሲጀምር በቃው ማለት ነው። ከዚያ ሳትነኪው አንድ ሁለት ደቂቃ ተዪው፣ ውሃውን ይጠጣ። ቀጥሎ ማንኪያውን ከሥር ሳታነሺ ቀስ ብለሽ አማስዪ። እየመታሽ ካማሰልሽው አየር ያስገባል፤ ያ ያየሽው ቀዳዳ ከዚያ የመጣ ነው። ፎርማው ውስጥ ካፈሰስሽው በኋላ ጠረጴዛውን ከሥር መታ መታ አድርጊው፣ የቀረው አረፋ ወደ ላይ ይወጣል።

መፈረፈሩ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንደኛው ውሃ በዝቶበታል። ሁለተኛው፣ መርጋት ከጀመረ በኋላ «ወፈረብኝ» ብሎ ውሃ መጨመር ነው። መርጋት የጀመረ ጀሶ ውሃ ቢጨመርበት ይቀጥናል እንጂ አይጠነክርም፤ መጣል ነው ያለበት። ስለዚህ በአንድ ጊዜ የሚያልቀውን ያህል ብቻ በጥብጪ። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ነው የሚሰጥሽ። ፎርማዎቹ ተቀብተው፣ ተደርድረው፣ ልጆቹም ተቀምጠው እስኪጠብቁ ድረስ ዱቄቱን ውሃ ውስጥ አትጨምሪ።

የገዛሽውም ጀሶ ይታይ። በኪሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከተከፈተ ከረጢት ነው፤ በክረምት እርጥበት ስቦ ኃይሉን ያጣል። ስትገዢ በጣትሽ ፈትሺው፣ ጓጉሎ ከሆነ ተዪው። ቤት ስታስገቢውም ክዳን ባለው ባልዲ አስቀምጪው።

መልስ — ነርስ ነኝ

እኔ ስለ እጅ ማስነከሩ ነው የመጣሁት። እባክሽ እህቴ፣ እንዳታደርጊው። ጀሶ ሲረጋ ይሞቃል። ስስ ከሆነ ለብ ይላል፤ ወፍራም ሲሆን ግን እስከ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፣ ያ ደግሞ ሥጋ ያቃጥላል። የከፋ የሚያደርገው ሙቀቱ ሲሰማት እጇን ማውጣት አለመቻሏ ነው፤ ጀሶው ያን ጊዜ ድንጋይ ሆኗል። በ2007 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ በሥዕል ክፍለ ጊዜ የእጆቿን ቅርጽ ለማውጣት ባልዲ ጀሶ ውስጥ ነክራ አብዛኞቹን ጣቶቿን አጥታለች።

«ሐኪም ቤት ለስብራት ጀሶ ይታሰር የለ?» የሚል አይጠፋም። እዚያ ሥር ጥጥ ይደረጋል፣ ጀሶው በፋሻ ላይ በስሱ ነው የሚጠቀለለው፣ የውሃው ሙቀትም ይጠበቃል። የተለየ ነገር ነው።

ዱቄቱን ስትበጠብጪ ትንሿ ራቅ ትበል፤ አንቺም ማስክ አድርጊ። ዓይን ውስጥ ከገባ ሳይታሽ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ መቅላቱ ካልተወ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ደግሞ አደራ፣ ጀሶና ኖራ አይምታታባችሁ። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው፣ ኖራ ግን ቆዳም ዓይንም ያቃጥላል። ስትገዙ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

መልስ — የሥዕል መምህርት

ነርሷ ያለችው ትክክል ነው። የእጁ ነገር ግን በሌላ መንገድ ይሆናል፣ የኔ እህት። ልጅቷ እጇን የምታሳርፈው ጭቃ ወይም ሊጥ ላይ ነው። ሸክላ ሠሪዎች ጋ የሚገኘው ጭቃ በጣም ጥሩ ነው። ካጣሽ 2 ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨውና 1 ኩባያ ገደማ ውሃ ለውሺ። ሦስት ጣት ያህል ውፍረት አድርገሽ ሳህን ላይ ዘርጊው። መዳፏን እስከ ግማሽ ውፍረቱ ትጫን፣ ታንሳ፣ ትታጠብ። ዙሪያውን ከወፍራም ካርቶን በተቆረጠ ቀበቶ ክበቢውና ጀሶውን እጇ በነበረበት ጉድጓድ ላይ አፍስሺ። ሲጠነክር ጭቃውን ላጪው፤ መዳፏ እስከ መስመሮቹ ጎልቶ ይወጣል።

እኔ ግን ለመጀመሪያ ቀን የምመክርሽ ቅጠል ነው። ልጆቹ ግቢ ወጥተው ራሳቸው ይልቀሙ። ሥሩ ጎላ ጎላ ያለ ቅጠል ይምረጡ፤ የኮክና የጎመን ቅጠል ይሆናል። ጭቃው ላይ የሚቀመጠው በጀርባው ነው፣ ምክንያቱም ሥሩ ጎልቶ ያለው በዚያ በኩል ነው። ጠርሙስ እያንከባለሉ ይጫኑት፣ ቅጠሉን ከዘንጉ ይዘው ያንሱት፣ ከዚያ ጀሶ። የአምስት ዓመት ልጅ ከልቅምቱ እስከ መጫኑ ያለውን ሁሉ ራሷ ትሠራዋለች። ያንቺ ድርሻ መበጥበጡና ማፍሰሱ ብቻ ነው። እንቁጣጣሽ ሲቃረብ አደይ ይደርሳል፤ ያኔ በአደይ አበባ ሞክሩት።

ትልቁ «ለምን ይሞቃል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ሳትነግሪው አትለፊ። ጀሶ ድንጋይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ነጣ ብሎ ከሚታየው ድንጋይ ውስጥ አለበት። ድንጋዩ በውስጡ ውሃ አለው። ወደ 150 ዲግሪ ሲሞቅ አብዛኛውን ውሃ ያጣና ዱቄት ይሆናል። እኛ ውሃ ስንመልስለት ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፣ ሲሞቅ የወሰደውን ሙቀትም ይለቃል። ጀሶው የፈሰሰበትን ዕቃ ከውጭ በኩል ዳሰስ ያድርገው፤ መሞቅ ሲጀምርና መልሶ ሲቀዘቅዝ ይሰማዋል። ከቀዘቀዘ በኋላ ነው ከፎርማው የሚወጣው።

መልስ — የሦስት ልጆች እናት፣ ሜሪላንድ

እኛ ከፎርማ ሁሉ የተሻለ ሆኖ ያገኘነው የእርጎ ጽዋና የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ነው፤ እንደ ሃይላንድ ዓይነቱ። ይለጠጣል፣ ካስቸገረም ይቀደዳል። የብረት የኬክ ፎርማ ካልተለጠጠ እንዴት ይልቀቅ? የግድ እሱን ካልሽ ቫዝሊን በስሱ ቀብተሽ በጨርቅ ጥረጊው። ከበዛ ጀሶው ላይ የጣት አሻራ ይተዋል። ቶሎ እንዲረጋ ደግሞ ቁንጥር ጨው ጨምሪበት፤ ልጆች መጠበቅ አይችሉም።

መልስ — የጂፕሰም ሠራተኛ

ጨው ቶሎ ማርጋቱ እውነት ነው። ግን ጥንካሬውን ይቀንሳል፣ ሲደርቅም ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት እያወጣ ቀለሙን ያበላሻል። ለሚቀባ ሥራ አልመክርም። ሳህኑ ላይ የቀረ የድሮ ጀሶ ፍርፋሪ ራሱ ቶሎ ያረጋዋል፤ ስለዚህ በየጊዜው በንጹሕ ሳህን ጀምሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ትርፉን እቃ ማጠቢያ ውስጥ እንዳትደፉት። ጀሶ ውሃ ውስጥም ቢሆን ይረጋል፣ ቱቦውን ይደፍነዋል። ሳህኑ ላይ ይድረቅና ተሰብሮ ከቆሻሻ ጋር ይጣል። እጅና ማንኪያውንም መጀመሪያ ባልዲ ውስጥ ታጠቡ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። በተለይ ነርሷን፤ ልጄን አተረፍሽልኝ። በጎመን ቅጠል ሠራን፣ በእርጎ ጽዋም። ሥሩ አንድ በአንድ ወጥቷል፤ ትንሿ ጣቷን እየሄደችበት ልትተወው አልቻለችም። ሁለት ነገር ልጠይቅ፦ ቀለም መቼ ነው የሚቀባው? የሚሰቀልበትስ ቀዳዳ እንዴት ይበጃል? ስበሳው እንዳይሰነጠቅ ፈራሁ።

መልስ — የሥዕል መምህርት

አትብሺው። ጀሶው ገና ሲፈስ ከላይ በኩል የጭማቂ መምጠጫ ቀሰም አቁሚበት፣ ሲረጋ እያዞርሽ ንቀዪው። አሁን ለሠራችሁት ግን ጀርባው ላይ በትንሽ ትኩስ ጀሶ ክር ለጥፊ።

ቀለሙ ይቆይ። ቢጠነክርም ውስጡ ገና ውሃ ነው። በበጋ ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል፤ በነሐሴ ዝናብ ሳምንትም ሊወስድ ይችላል። ጉንጭሽ ላይ አስጠጊው፤ ከቀዘቀዘሽ አልደረቀም። እሳት ዳር አታድርጊው፣ ይሰነጠቃል። ሲደርቅ ነጩን የእንጨት ኮላ በውሃ አቅጥነሽ አንዴ ቀቢው። አለበለዚያ ጀሶው ቀለሙን ስለሚመጥ ትንሿ የቀባችው ቢጫ ወዲያው ይደበዝዛል። ኮላው ከደረቀ በኋላ የውሃ ቀለምም አክሪሊክም ይይዛል።