ፒክልቦል ልጀምር ነው፣ ሕጉን የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ

ሰላም ወገኖች እንደምን ሰነበታችሁ። ሲያትል ከመጣሁ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ፣ የምሰራው ነርሲንግ ሆም ነው። አብረውኝ የሚሰሩት ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ፓርክ ሄደው ፒክልቦል የሚባለውን፣ እንደ ቴኒስ ኔት ተዘርግቶ ኳስ በፓድል (በጠፍጣፋ መምቻ) የሚመታበትን ጨዋታ ይጫወታሉ፣ ነይ ነይ ሲሉኝ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰበብ እየፈለግኩ ቀረሁ። ቴኒስ ነክቼ አላውቅም፣ ስፖርት የሚባል ነገር ከትምህርት ቤት ወዲህ የለም። ግን ከሥራ ቤት ከቤት ሥራ ሲሆን ከሰው ጋር ሳላወራ ሳምንቱ ያልቃል፣ እና የፊታችን ቅዳሜ እሄዳለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ዩቲዩብ ላይ ለማየት ሞከርኩ ይፈጥንብኛል፣ ደግሞ ሦስት ሦስት ቁጥር እየጠሩ ነው የሚጀምሩት ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። በአማርኛ ቀለል አድርጎ የሚያስረዳኝ ካለ እግዜር ይስጥልኝ።

ከሬንተን፦

እህቴ እንኳን ወሰንሽ! እኔ ሁለት ዓመት አለፈኝ ከጀመርኩ፣ እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ካደረግኳቸው ነገሮች ይሄን የመሰለ የጠቀመኝ የለም ብል አላጋነንኩም። ሕጉ ብዙ ይመስላል እንጂ ሦስት ነገር ከያዝሽ ያን ቀን በደንብ ትጫወቻለሽ፣ ሌላው እየተጫወትሽ ይገባሻል።

መጀመሪያ ሰርቪስ፣ ማለት ጨዋታው የሚከፈትበት ምት። ከኋላው መስመር ውጪ ቆመሽ በሰያፍ ነው የምትመቺው፣ ማለት ከቀኝ ከቆምሽ ማዶ ካለው በሰያፍ ከሚያይሽ ሳጥን ውስጥ መግባት አለባት። እጅሽ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ኳሷንም ከወገብሽ በላይ አትመቻትም። እሱ ከከበደሽ ኳሷን ዝም ብለሽ ከእጅሽ ልቀቂያትና መሬት ነክታ ስትነጥር ምቺያት፣ ይሄም የተፈቀደ ነው፣ ለጀማሪ እኔ ይሄንን ነው የምመክረው። እድሉ አንድ ብቻ ነው፣ እንደ ቴኒስ ሁለተኛ ሙከራ የለም። ኳሷ ኔቱን ነክታ ብታልፍና በትክክለኛው ሳጥን ብታርፍ ግን ጨዋታው ይቀጥላል፣ አትቁሚ።

ሁለተኛው፣ ጀማሪ ሁሉ የሚረሳው፣ ሁለቱ ንጥረቶች የሚባለው ነው። ሰርቪሱን የሚቀበለው ሰው ኳሷ እስክትነጥር ይጠብቃል፣ እሱ ሲመልሳት ደግሞ ሰርቪስ ያደረገው ወገንም እስክትነጥር ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ነው በአየር ላይ መምታት የሚቻለው። ስለዚህ ሰርቪስ ካደረግሽ በኋላ ወደ ፊት አትሩጪ፣ እዚያው ኋላ ሆነሽ ጠብቂ፣ ከሮጥሽ ኳሷ እግርሽ ስር ትመጣብሻለች።

ሦስተኛው ኪችን ነው። አዎ ማድ ቤት ማለት ነው፣ ስሙ እንደዛ ነው። ከኔቱ ወዲህም ወዲያም 7 ፊት፣ ማለት 2 ሜትር ትንሽ አለፍ የሚል ቦታ በመስመር ተለይቶ ታያለሽ። እዚያ ውስጥ ቆመሽ ኳሷን ሳትነጥር መምታት ክልክል ነው። የነጠረችን ኳስ ለመምታት ግን ግቢ፣ ማንም አይከለክልሽም፣ ብዙ ሰው ጨርሶ አይገባም እያለ ስለሚያስተምር ነው ይሄን የማጠብቀው። መስመሩም የኪችኑ አካል ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀኔ ኳሷ ከፍ ብላ መጣችልኝ፣ በአየር ላይ መታኋት፣ ማዶ የነበሩት ሁለቱም አልደረሱባትም፣ ነጥብ አገኘን ብዬ ስዞር አጠገቤ ይጫወቱ የነበሩ ትልቅ ሴትዮ በፓድላቸው ቀስ አድርገው ወደ እግሬ ጠቆሙኝ። የግራ ጫማዬ ጫፍ ነጩ መስመር ላይ ነበር። ከዚያ ሴትዮዋ ጨዋታውን አስቁመው ከመስመሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አድርገው አቆሙኝና እዚህ ከቆምሽ ምንም አትሆኚም አሉኝ፣ እስከዛሬ የምቆመው እዚያች ጋ ነው። ደግሞ እወቂ፣ ከውጪ ቆመሽ በአየር ላይ መተሽ ሩጫው ይዞሽ ብትገቢም ያው ፎልት (ስህተት) ነው፣ ኮፍያሽ እንኳ ወድቆ ኪችን ውስጥ ቢያርፍ።

ቁጥሩን ሌላ ሰው ያስረዳሽ፣ እኔ ሺፍት ልገባ ነው።

ከኬንት፦

ቁጥሩን እኔ ልንገርሽ ልጄ። አገር ቤት በኛ ጊዜ መረብ ኳስ የተጫወተ ሰው ወዲያው ነው የሚገባው፣ ያኔ ሰርቪስ የያዘው ቡድን ብቻ ነበር ነጥብ የሚቆጠርለት፣ ፒክልቦልም እንደዛው ነው። ጨዋታው 11 ላይ ያልቃል ግን በ2 መብለጥ አለብሽ፣ 11 ለ 10 ከሆነ ይቀጥላል።

ሁለት ለሁለት ስትጫወቱ ሰርቪስ የምታደርገው ከመምታቷ በፊት ሦስት ቁጥር ትጠራለች። የመጀመሪያው የራሷ ቡድን ነጥብ፣ ሁለተኛው የማዶዎቹ፣ ሦስተኛው ደግሞ እሷ በዚያ ተራ የመጀመሪያዋ መቺ ናት ወይስ ሁለተኛዋ የሚለው ነው። 4-2-1 ካልሽ እኛ 4፣ እናንተ 2፣ እኔ የመጀመሪያዋ መቺ ነኝ ማለት ነው። ስታሸንፉ ከጓደኛሽ ጋር ቦታ ትቀያየሩና አንቺው ትቀጥያለሽ፣ ስትሸነፉ ሰርቪሱ ለጓደኛሽ ያልፋል፣ ጠሪዋም 4-2-2 ትላለች፣ እሷም ከተሸነፈች ወደ ማዶ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ግን 0-0-2 ሲሉ ብትሰሚ አትደናገጪ፣ ጨዋታውን የሚጀምረው ቡድን አንድ መቺ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ የመጀመሪያነቱ እንዳይጠቅመው ተብሎ ነው። ቁጥሩ ከጠፋብሽ ከመምታትሽ በፊት ጠይቂ፣ ማንም አይቆጣም፣ እንደውም ደስ ይላቸዋል።

እና ይሄ ጨዋታ እኮ የዚሁ አካባቢ ልጅ ነው። በ1965 በፈረንጆቹ ሰመር ቤይንብሪጅ ደሴት ላይ፣ ከዳውንታውን በጀልባ 35 ደቂቃ የምትሄጂባት ማለቴ ነው፣ ጆኤል ፕሪቻርድ የሚባል ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ነው የፈጠረው። ለባድሚንተን የሚሆን ዕቃ አጡና በፒንግፖንግ ፓድል ቀዳዳ ባላት የፕላስቲክ ኳስ ለቤተሰቡ ጨዋታ ሠሩ፣ ሜዳው እስካሁን በባድሚንተን ልክ ነው፣ 20 በ44 ፊት። በ2022 ዋሽንግተን ስቴት በሕግ የስቴቱ ስፖርት አድርጎታል። እኔ 61 ዓመቴ ነው፣ የጀመርኩት ልጆቼ ከቤት ሲወጡ ነው፣ ያኔ ቤቱ ጭር ብሎብኝ ነበር።

ከሲታክ፦

እኔ ስለ ጫማ ብቻ ልጨምር ምክንያቱም የተጎዳሁበት ነው። በሩጫ ጫማ አትሂጂ። የሩጫ ጫማ ወደ ፊት ነው የተሠራው፣ እዚህ ደግሞ ወደ ጎን ነው የምትሄጂው፣ እኔ ቁርጭምጭሚቴ ታጥፎ ስድስት ሳምንት ተቀምጬ ነው የዋልኩት፣ በሰዓት የሚከፈለው ሰው ስድስት ሳምንት ሲቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የቴኒስ ወይ የኮርት ጫማ ፈልጊ፣ ቅናሽ ሲሆን ግዢው። ኳስ ከራስሽ በላይ ካለፈች ደግሞ ወደ ኋላሽ እየሄድሽ አትከተያት፣ ዞረሽ ሩጪ ወይ ተያት፣ ሰው በብዛት የሚወድቀው እንደዛ ነው። ዝናብ ከጣለ ኮርቱ እስኪደርቅ ጠብቂ፣ እርጥቡ መስመር እንደ ሳሙና ነው የሚያንሸራትተው።

ጠያቂዋ ነኝ፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ጋሼ ስለ ቁጥሩ ተባረኩልኝ አሁን ገባኝ። አንድ ነገር ብቻ፣ መስመር ላይ ያረፈች ኳስ ገብታለች ነው ወጥታለች? ዳኛ የለም አሉኝ። እና ልጆቹ ካረፈዱ ብቻዬን ሄጄ ምን አደርጋለሁ?

ከሬንተን፦

ሺፍቴ አለቀ መጣሁ። መስመር የነካች ገብታለች፣ ከአንድ በስተቀር፣ ሰርቪስ የኪችኑን መስመር ከነካች አልገባችም። ዳኛ ስለሌለ በራስሽ በኩል ያለውን አንቺ ነሽ የምትጠሪው፣ ካልታየሽ ወይ ከተጠራጠርሽ ለማዶዎቹ ትሰጫለሽ፣ ይሄ ሕግ ነው ይሉኝታ አይደለም።

ብቻሽን መሄዱ ምንም ችግር የለውም። ኦፕን ፕሌይ የሚሉት ሰዓት አለ፣ ፓድልሽን አጥሩ አጠገብ ከተደረደሩት ኋላ ታስቀምጫለሽ፣ አራት አራት እየተደረገ ተራሽ ሲደርስ ከማታውቂያቸው ሦስት ሰዎች ጋር ትገቢያለሽ። ሲያልቅ ኔቱ ጋ መጥታችሁ ፓድላችሁን ታነካካላችሁ፣ ጥሩ ጨዋታ ነበር ተባብላችሁ ትወጣላችሁ። እኔ አሁን በስም የማውቃቸው ጎረቤቶቼ ሁሉ እንደዛ የተዋወቅኳቸው ናቸው፣ አምስት ዓመት አንድ ሊፍት ውስጥ ዝም ተባብለን የኖርን ሰዎች።

ፓድል ገና አትግዢ፣ ሁለት አለኝ። ቅዳሜ የት ፓርክ እንደሆነ በውስጥ ጻፊልኝ፣ ከሰዓቱ ሃያ ደቂቃ ቀደም ብዬ እመጣና ሰርቪሱን አብረን እንለማመዳለን።