ለዓለም ዋንጫው ሞሮኮን እንከተል ወይስ አትላንታ ቁጭ እንበል?

ማልያ_10፦
ሰላም ጓዶች፣ ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ከወንድሜ ጋር ልንሄድ ነው፣ የአሜሪካ ቪዛ በእጃችን ነው ግን ፕላኑ ላይ አልተስማማንም። እሱ ሞሮኮን በየሄደችበት እንከተላት ባይ ነው፣ ጁን 13 ከብራዚል ኒው ጀርሲ፣ ጁን 19 ከስኮትላንድ ቦስተን፣ ጁን 24 ከሄይቲ አትላንታ። እኔ ደግሞ ሻንጣ እየጎተትኩ ኤርፖርት ለኤርፖርት መዞር ሞቴ ነው፣ አንድ ከተማ ይዘን ቁጭ ብንል ይሻለናል እላለሁ። ከምድቡ ካለፈች ደግሞ ቀጣዩን ጨዋታ የት እንደምትጫወት እንዴት ነው ቀድመን የምናውቀው? ባጀታችን መካከለኛ ነው፣ ሃብታም አይደለንም ሃሃሃ። የምታውቁ እስቲ በሉን

ኦፍሳይድ_ነበር፦
እኔ ካንተ ጋር ነኝ። አትላንታ ጁን 15 ከገባህ ስፔን ከኬፕ ቨርዴ አለልህ (ኬፕ ቨርዴ በታሪኳ የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫ ጨዋታዋ ነው፣ እሱን ብቻ ለማየት ራሱ እሄድ ነበር)፣ ጁን 18 ደቡብ አፍሪካ አለች፣ ጁን 21 ስፔን ከሳዑዲ፣ ጁን 24 ደግሞ የወንድምህ ሞሮኮ ራሷ ትመጣላችኋለች። አንድ ሆቴል፣ አንድ ከተማ፣ ሦስት የአፍሪካ ቡድን። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ? ለአራቱም ትኬት ባታገኝ ሁለቱ ይበቃሃል።

ደግሞ አትላንታ ማለት ስታዲየሙ እውነትም ከተማው መሃል ያለበት ቦታ ነው። ሌላ ቦታ በስሙ እንዳትሸወድ፣ «ዳላስ» የተባለው አርሊንግተን ነው፣ «ቦስተን» የተባለው ፎክስቦሮ የሚባል ከቦስተን በጣም የራቀ ትንሽ ከተማ ነው፣ «ሳን ፍራንሲስኮ» ደግሞ ሳንታ ክላራ ነው፣ ከሳን ሆዜ አጠገብ። ሰው ስሙን አይቶ መሃል ከተማ ውድ ሆቴል ይይዝና የጨዋታው ቀን መንገድ ላይ ያልቃል። ሆቴል ከመያዝህ በፊት ስታዲየሙን ማፕ ላይ ፈልገው፣ የከተማውን ስም እርሳው።

ሰፊ_ሜዳ፦
@ኦፍሳይድ_ነበር ስለ ቦታው ያልከው ልክ ነው ግን ወንድሙንም አትጫኑት፣ ቡድን መከተል እኮ ራሱን የቻለ ደስታ ነው፣ ከብራዚል ጋር የሚያደርጉትን ያላየ ምን አየ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደግሞ ያን ያህል አይራራቁም፣ የኒው ጀርሲው ስታዲየም ኒውዮርክ አጠገብ ነው፣ ከኒውዮርክ ቦስተን ደግሞ በባቡር አራት ሰዓት ገደማ ነው፣ አውሮፕላን አያስፈልግም። ለሁለቱም ስታዲየም በጨዋታ ቀን ባቡር አለ፣ ግን የስታዲየም ባቡሩ ትኬት ለብቻው ስለሆነ የጨዋታ ትኬት ባገኛችሁ ቀን እሱንም አብራችሁ ያዙ፣ እዚያ ደርሰን እንቆርጣለን እንዳትሉ።

ዋናው ጣጣ ከምድቡ በኋላ ያለው ነው። ሞሮኮ አንደኛ ከወጣች ጁን 29 ሂውስተን ናት። ሁለተኛ ከወጣች በዚያው ቀን ሞንቴሬይ፣ ሜክሲኮ! ሦስተኛ ሆና ካለፈች ደግሞ ምድቦቹ ሁሉ ጁን 27 እስኪያልቁ ድረስ የት እንደምትሄድ ራሷም አታውቅም፣ ምክንያቱም ከ12 ምድብ ስምንት ሦስተኛዎች ያልፋሉ፣ ማን ከማን እንደሚገናኝም የሚለየው ያኔ ነው። ስለዚህ ከጁን 24 በኋላ ላለው ምንም የማይመለስ ነገር አትክፈሉ፣ ሆቴሉም በነፃ የሚሰረዝ ይሁን።

ማልያ_10፦
ውይ ሜክሲኮን ጭራሽ አላሰብኩትም። ለሷ ሌላ ቪዛ ማውጣት አለብን ማለት ነው?

ሰፊ_ሜዳ፦
ለሜክሲኮ አይደለም፣ ጊዜው ያላለፈ የአሜሪካ ቪዛ ካላችሁ በሱ ያስገቧችኋል። የሚያሳስበው መመለሻው ነው፣ ቪዛችሁ ላይ ስንት ጊዜ መግባት እንደምትችሉ የተጻፈውን እዩ፣ አንዴ ብቻ የሚል ከሆነ ሞንቴሬይን እርሱት። ካናዳ ግን ለብቻዋ ናት፣ የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች። ሰው ኳታር 2022ን ለምዶ ነው፣ ያኔ «ሃያ» (Hayya) በሚባለው የትኬት ባለቤቶች መግቢያ ካርድ ሰተት ብለህ ትገባ ነበር፣ አሁን ትኬት መያዝ ብቻውን የትም አያስገባም።

ተቀያሪ_ወንበር፦
አትላንታን ትንሽ ስለማውቃት ልጨምር። ከውጭ አገር በቀጥታ ከገባችሁ የምትወጡት በኢንተርናሽናል ተርሚናሉ ነው፣ ባቡሩ (ማርታ ነው የሚሉት) ግን ያለው ዶሜስቲክ ተርሚናል ውስጥ ነው፣ በነፃው ሸትል ባስ ወደዚያ መሻገር አለባችሁ፣ ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ በር ላይ ታክሲ ይይዛል። ከዚያ ቀዩም ወርቃማውም መስመር ፋይቭ ፖይንትስ የሚባለው ጣቢያ ያደርሳችኋል፣ እዚያ ወርዳችሁ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ሰማያዊ ወይ አረንጓዴ ስትይዙ ሁለተኛው ፌርማታ ቫይን ሲቲ ነው፣ ስታዲየሙ ፊት ለፊታችሁ ነው። ታሪፉ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው፣ የትም ብትወርድ ያው ነው። ስለዚህ ዳውንታውን ሆቴል ውድ ነው ብላችሁ አትጨነቁ፣ ዶራቪል ወይ ሳንዲ ስፕሪንግስ አካባቢ ከባቡር ጣቢያ በእግር የሚደረስ ቦታ ፈልጉ፣ «ለባቡር ቅርብ» የሚለውን ግን አትመኑ፣ አሜሪካ ውስጥ ቅርብ ማለት በመኪና ነው።

ሙቀቱም አለ። አትላንታ ጣራው ይዘጋል ውስጡ ኤሲ ነው፣ ኒው ጀርሲና ፎክስቦሮ ግን ጣራ የላቸውም፣ ፀሐዩም ዝናቡም በራስህ ላይ ነው። መብረቅ በ13 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከታየ ጨዋታው ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆማል፣ አምና በክለቦች ዓለም ዋንጫ ቤንፊካና ቼልሲ ሻርሎት ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ቆመው ነው የጨረሱት። ከጨዋታ በኋላ ማታውኑ የሚነሳ በረራ አትያዙ።

ማልያ_10፦
ሁላችሁም ተባረኩ። ለወንድሜ አነበብኩለት፣ ብራዚልን ካላየሁ አለ፣ እሺ አልኩት። ቦስተንን ትተን ከኒው ጀርሲ በቀጥታ አትላንታ እንገባና እስከ 24 እዚያው እንቀመጣለን። ትኬት ግን ገና ነው፣ ከሰው ላይ ብንገዛ ችግር አለው?

ኦፍሳይድ_ነበር፦
ከፊፋ የራሱ ሪሴል (ሰው ትኬቱን መልሶ የሚሸጥበት ገጽ) ውጪ እንዳትሞክሩት። እሱም ከገዢው 15 ፐርሰንት፣ ከሻጩ 15 ፐርሰንት ይቆርጣል፣ ያናድዳል፣ ግን ቢያንስ የውሸት ትኬት አይደለም። ፌስቡክ ላይ የትኬት ፎቶ የሚልክልህን ብሎክ አድርገው፣ ትኬቱ የሚገባው በፊፋ አፕ ወደ ስልክህ ነው። ፓወር ባንክ ያዙ፣ ቦርሳ ደግሞ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ይሁን፣ ሌላውን በር ላይ ይመልሱባችኋል።