የ2007ቱ የካናዳና የሩሲያ ወጣቶች የበረዶ ሆኪ፦ የትኛውን ጨዋታ ላሳያቸው?

የሆጤው (ደሴ)
ሰላም ለዚህ ቤት። ለስፖርት ክበባችን ልጆች ካናዳና ሩሲያ በፈረንጆቹ 2007 ከ20 ዓመት በታች ያደረጉትን ተከታታይ ግጥሚያ በፕሮጀክተር ላሳይ ነው። ልጆቹ ከእግር ኳስ ውጭ አያውቁም። ስምንቱንም ለማየት ጊዜ የለም፤ የትኞቹን ልምረጥ? ተጫዋቾቹስ በየደቂቃው የሚቀያየሩት፣ ዳኛው ማንም ሳይነካካ የሚያስቆመው ለምንድን ነው?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
አብሽር፣ ሁለት ይበቃሃል። ውድድሩ ነሐሴ 21 ቀን 1999 ዓ.ም. ሩሲያ ውስጥ ኡፋ ከተማ ላይ ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቫንኩቨር ላይ አለቀ፤ እኛ ለሚሌኒየሙ ሽር ጉድ ስንል ማለት ነው። አራቱ ሩሲያ፣ አራቱ ካናዳ። ካናዳ ሰባቱን አሸንፎ የመጨረሻውን 4 ለ 4 ወጣ፤ ስለዚህ መሀል ያሉትን እለፋቸውና የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አሳይ።

ልጆቹ «ፔናሊቲ የለም እንዴ?» ማለታቸው አይቀርም። ጥሎ ማለፍ አይደለም፤ አሸናፊው ቢታወቅም ስምንቱም ይጫወታሉ። ለ1972ቱ (በፈረንጆቹ) የካናዳና የሶቭየት ኅብረት ግጥሚያ 35ኛ ዓመት የተዘጋጀ ስለሆነ ቅርጹም የእሱ ነው። ያኛው ግን ልብ ይሰቅል ነበር፦ ስምንተኛው ጨዋታ ሊያልቅ 34 ሰከንድ ሲቀረው ካናዳዊው ፖል ሄንደርሰን አገባና ካናዳ በ4 ድል፣ በ3 ሽንፈትና በአንድ አቻ ወሰደው።

በ2007ቱ የካናዳው ሳም ጋግነር 15 ነጥብ አገኘ ሲባል 15 ጎል እንዳይመስላቸው። ጎልና ለጎል ማቀበል ተደምሮ ነው።

ሐይቅ ዳር
ቅያሪው፦ በበረዶ ላይ በሙሉ ኃይል ሲሮጥ እግር ቶሎ ይዝላል፤ አንድ ተጫዋች ከ40 እስከ 50 ሰከንድ ቆይቶ ይወጣል። ጨዋታ አይቆምም። ወጪው ከተቀያሪ ወንበሩ 1.5 ሜትር ያህል ሳይደርስ ገቢው ዘሎ ጨዋታ ውስጥ ከገባ ግን ሜዳ ላይ ሰው በዛ ተብሎ 2 ደቂቃ በአንድ ሰው ጎድለው ይጫወታሉ። በዚያ መሀል ጎል ከገባባቸው ቅጣቱ ያበቃል። የ5 ደቂቃው ግን ጎል ቢገባም አያልቅም።

ፊሽካው አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ነገር ነው። ኦፍሳይዱ በተከላካይ አይለካም፤ አጥቂው ሁለቱንም እግሩን ከፓኩ (በዱላ ከሚመታው ጠፍጣፋ ክብ ጎማ) ቀድሞ የተጋጣሚ ክልል በሚጀምርበት በሰማያዊው መስመር ካሳለፈ ነው። አይሲንግ ደግሞ ከራስ ሜዳ የተመታ ፓክ ማንም ሳይነካው የተጋጣሚን የጎል መስመር ሲያልፍ ነው፤ ጨዋታው ወደ መቺው በር አጠገብ ይመለሳል። በቅጣት የጎደለው ቡድን ግን እንዲህ ቢመታ አይነፋበትም። ልጆቹን የሚያደናግራቸው ይሄ ነው፣ ቀድመህ ንገራቸው።

ጦሳ
በቦርከና ምርጫ እስማማለሁ፣ ምክንያቱ ግን ውጤቱ ብቻ አይደለም። የሩሲያው ሜዳ 60 በ30 ሜትር ነው፤ የካናዳው 61 በ26። አራት ሜትር ሲጠብ በጎን ማምለጫ ያንሳል፣ ግጭት ይበዛል፣ ምት ከየትም ይመጣል። ሁለቱን አከታትለህ ስታሳይ ልዩነቱን ራሳቸው ያዩታል።

አሁን ፕሮጀክተሩ። ፓኩ ስፋቱ 7.62፣ ውፍረቱ 2.54 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ጥራቱ የወረደ ቪዲዮ ላይ ድራሹ ይጠፋል። በረዶው ነጭ ስለሆነ ብርሃኑን ቀንስ፣ ኮንትራስቱን ጨምር፣ መጋረጃ ዝጋ። አሁንም ከጠፋባቸው የበረኛውን ትከሻ ይከተሉ፤ እሱ ወዳዞረበት ነው ያለው። ፋይሉን ቀድመህ ፍላሽ ላይ ጫን፣ መብራትና ኔትወርክ አይታመኑም። ጨዋታው 3 ጊዜ 20 ደቂቃ ቢሆንም ሰዓቱ በየፊሽካው ስለሚቆም ከነእረፍቱ ከ2 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ እረፍቶቹን ቆርጠህ አውጣ።

የሆጤው (ደሴ)
አላህ ይስጣችሁ። የኡፋውን ቅዳሜ፣ የቫንኩቨሩን በሳምንቱ አደርገዋለሁ። ሁለቱን ሜዳዎች ቦርድ ላይ በልካቸው ስዬ እጀምራለሁ።