ልብህ ደህና ነው ተባልኩ፣ ደረቴ ግን አልተወኝም

ወገኖቼ፣ መላ ጠፋኝ። 34 ዓመቴ ነው፣ ባሕር ዳር ባጃጅ እነዳለሁ። ከጥቅምት ጀምሮ ደረቴን ጭምድድ ያደርገኛል። ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ተነሣሁ፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ታየሁ፣ ለምርመራ ደም ሰጠሁ፤ ሁሉም ኖርማል ነው። «ልብህ ጤነኛ ነው፣ አትጨነቅ» ብለው ሸኙኝ። አትጨነቅ ማለት ቀላል ነው!

የሚገርመኝ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ የቤዛዊትን ዳገት በእግሬ ስወጣ ምንም አይለኝም። ማታ ሽሮዬን በልቼ ጋደም ስል ግን ያቃጥለኛል፣ አፌም ይኮመጥጠኛል። እናቴ «ብርድ ነው» ብላ ጤና አዳም ታፈላልኛለች፤ እኔ እንኳ ጨጓራ ነው የምጠረጥረው። የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ሲመለስ እንዲህ ደረት ይጨመድዳል? ኦሜፕራዞል የሚባለውን የአሲድ መቀነሻ መድኃኒት በራሴ መጀመር ፈራሁ። እንዲህ ሆኖ የተሻለው ካለ፣ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው ያየው ወይስ የጨጓራና አንጀት ስፔሻሊስት? እባካችሁ ንገሩኝ።