አይከኖቼ እያደር ቦታ ይቀይሩብኛል፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የቤት ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 10 ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት የእህቴ ልጅ ፊልም ልይ ብሎ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቲቪው ጋር አገናኘው። ሲነካካም ቲሙን (የስክሪኑን ገጽታ) ቀይሮታል መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም።

መጀመሪያ "ዚስ ፒሲ" እና "ሪሳይክል ቢን" ከዴስክቶፑ ጠፉ። ፐርሰናላይዝ ገብቼ፣ ቲምስ ውስጥ "ዴስክቶፕ አይከን ሴቲንግስ" የሚለውን ከፍቼ ምልክት ሳደርግባቸው ተመለሱ። እሰይ አልኩ።

ምን ዋጋ አለው! ቀኝ ጥግ የደረደርኳቸው የሥራ ፎልደሮች ጠዋት ስከፍተው ወደ ግራ ተጠራቅመው አገኛቸዋለሁ። ትናንት የኪራይ ውሉን ፍለጋ ሩብ ሰዓት ፈጀሁ። ለካ ከልጁ ጌሞች መሃል ተወሽቋል።

ባዶው ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርጌ፣ ቪው ውስጥ "ኦቶ አሬንጅ አይከንስ" የሚለውን (አይከኖችን በራሱ የሚደረድረውን) አጥፍቻለሁ። "ሾው ዴስክቶፕ አይከንስ" በርቷል። ቲም አይከኖችን እንዲቀይር የሚፈቅደውንም ምልክት አንስቻለሁ። ፋይሎቹ ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ፣ ዴስክቶፕ ፎልደር ላይ ሁሉም አሉ። የጠፋ የለም፣ ተመስገን።

አንድ የጠረጠርኩት ነገር አለ። የሞኒተሬ ሬዞሉሽን (የስክሪኑ የነጥቦች ብዛት) 1920 በ1080 ነው፣ የአሮጌው ቲቪ ግን 1366 በ768። ገመዱ ሳይነቀል ያደረ ቀን ነው የሚበላሸው። ልጁን ንቀል ብለው ደግሞ ማን ሰምቶኝ!

ጣጣው ከሬዞሉሽኑ ነው? ገመዱ እንደተሰካ ድርድሩን ባለበት የሚያቆይ ዘዴ የምታውቁ ንገሩኝ። ፎርማት አድርገው ብቻ እንዳትሉኝ።